ከዘጠነኛው ክፍል በኋላ የሚከፈት

ሜይ 28፣ 2017
ሰሜን አልበርታ፣ ከእሳት መጠበቂያ ማማው

ይድረስ ለእህቴ ለሎርና፤

ሰላምታዬ ከሠላሳ ሜትር ማማ ቁልቁል ወርዶ ቬግሬቪል ድረስ ይምጣልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ትንኙም ደህና ነው፤ እኔን እየበላ ምን ይሆናል። ጫካው ገና ከበረዶው እርጥበት ስላልወጣ በቀን አራት ጊዜ ሬዲዮውን አንስቼ «ጭስ የለም» እላለሁ፣ ደመወዜን እበላለሁ። ሥራ ማለት ይሄ ነው።

ካርቶኑ በሰላም ደርሷል። ከዲስኮቹ አንድም የተጫረ የለም። አራቱን ተከታታይ ፊልም ቀላቅለሽ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ቁጥር የሰጠሽበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያንቺ ወረቀት ባይኖር ምን እሆን ነበር? አንዱ ጀግና እዚህኛው ፊልም ላይ እጁ ይሰበርና እዚያኛው ላይ በፋሻ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉን ያልያዘ ሰው «እጁን ምን ነካው?» እንዳለ ዓመቱ ያልቅበታል። ከተማ ያሉት ሰዎች ክረምቱን ሙሉ አይተው፣ ተጨቃጭቀው ጨርሰዋል። እኔ ግን ጆሮዬን ደፍኜ ለማማው አቆየሁት።

ሕጋችንን አልረሳሁም። በሳምንት አንድ ክፍል፣ እሁድ ከሰዓት። በአንድ ቀን ሁለት ማየት ነውር ነው። አስተያየትሽ ያለበትን ፖስታ የምከፍተው የዚያን ቁጥር ክፍል ካየሁ በኋላ ብቻ ነው። አምስት በጋ አክብረነዋል፤ ቀድሞ የከፈተ ስሙ ይጥፋ ብለናል።

ዛሬ አንደኛውን አየሁ። «ሰባተኛው ዘብ» ላይ ካልደር አሁንም ፊቱን አጨማዶ ጣሪያ ላይ ቆሟል። አምስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው እንዴት አንድ ቀን ጉንፋን አይዘውም? ናይራ ከ«መዳብ እጅ» መጥታ ስትሰድበው ግን አንጀቴ ራሰ። እሷ ባትኖር ይሄ ሰው እስካሁን ከጣሪያው ወድቆ ነበር።

ለሚቀጥለው ሄሊኮፕተር ሰናፍጭ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ላኪልኝ። አባቴን መንገድ ላይ ካገኘሽው ሰላም በይው። ካላገኘሽው ፈልገሽ አትሂጂ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሳይነግረኝ፣ አፏ ሲዘጋ በሬዲዮ ያስጠራኝ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሆነው፤ ለእኔ ግን ትናንት ነው።

ወንድምሽ ዳሬል


ጁላይ 4፣ 2017
ቬግሬቪል

ይድረስ ለወንድሜ ለዳሬል፤

እንደምን ከረምክ? ትንኙ የተረፈልህን ሥጋ ይዘህ እንድትወርድ ጸሎቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ስለተበላሸ ከተማው ሁሉ «መጽሐፍ ልዋስ» ብሎ ገብቶ በላብ ተጠምቆ ይወጣል። የጫካ እንጆሪው ደርሷል፤ ሁለት ባልዲ ለቅሜ ከትቼልሃለሁ። ሰናፍጩም፣ ካልሲውም፣ ድንጋዩም ካርቶኑ ውስጥ አለ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን ፖስታዎችም ጨምሬአለሁ።

ስለ ካልደር ያልከው ልክ አይደለም። ጣሪያ ላይ የሚቆመው የሰው ፊት ማየት ስለማይችል ነው፤ ታች ከወረደ ማነጋገር ሊኖርበት ነው። አንተ ይሄን ካልተረዳህ ማን ይረዳዋል፣ አንተ ማማ ላይ የተሰቀልከው! ተናደድክ? ይበልህ።

በዚህኛው ዓመት የሰዓት በር የሚባል ነገር ይመጣል፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። እዚህ ሰው በሁለት ተከፍሎ ተጣልቷል። ነዳጅ ማደያ የሚሠራው ብሬንት ከወንድሙ ጋር ሦስት ሳምንት አልተነጋገረም። እኔ በየትኛው ወገን እንዳለሁ ፖስታዎቹ ይነግሩሃል። ብቻ ተረጋግተህ እስከ መጨረሻው ተመልከት፤ የነገሩን ግማሽ አይተህ አትፍረድ።

አባትህ፣ አጎቴ ኦሬስት፣ ደህና ናቸው። ሙቀቱ ነው መሰለኝ ትንሽ ከስተዋል።

እህትህ ሎርና


ጁላይ 4፣ 2017
(በታሸገ ፖስታ፤ በላዩ «9 — ከዘጠነኛው ክፍል በኋላ የሚከፈት» ተብሎ የተጻፈበት)

ዳሬል ወንድሜ፤

ይህን እያነበብክ ከሆነ ዘጠነኛውን አይተሃል። ካልደር በሰዓት በር ወደ ድሮ ተመልሶ እናቱን ካተረፈ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማን እንደጎደለ አውቀሃል። የጎደለው አባትየው ነው፤ የሚጠይቀው ልጅ አጥቶ ብቻውን ወንበሩ ላይ ቀርቷል። እኔ ሳየው ስላንተ አለቀስኩ። አሁን ተቀመጥ።

አባትህ ታመዋል። ሐኪሙ ቆሽታቸው ላይ ነቀርሳ አግኝቷል። ቢበዛ ቅጠል እስኪረግፍ ይቆዩ ይሆናል ብሏል፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ያወቅነው ጁን መጨረሻ ላይ ነው። በሌላው ደብዳቤ ደህና ናቸው ብዬ ዋሽቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ለጫካ ቢሮው ደውዬ በሬዲዮ ላስነግርህ ፈልጌ ነበር። እሳቸው እንቢ አሉ። «እናቱ ስቴላ ስትሞት በሬዲዮ ነው የጠራሁት» አሉ። «ሬዲዮው ሲንጫጫ ፊቱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያን ድምፅ ሁለተኛ አላሰማውም። ደግሞ በዚያው ሬዲዮ አሥራ ሁለት ማማ ቁጭ ብሎ የሆዴን ነገር ሊሰማ ነው?» እሺ፣ ልጻፍለት አልኳቸው። «ተከታታይ ፊልሙን ይጨርስና» አሉ። አንድ ቀን ሙሉ ተከራከርን።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ካለፈው ኦክቶበር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ክፍል አይተዋል። «ልጄ ምን እንደሚወድ ልወቅ» ብለው ነው የመጡት። መጀመሪያ ላይ ሲያሾፉ ነበር፤ «ይሄ ሁሉ ጉልበት እያለው ለምን ሥራ አይፈልግም?» ይሉ ነበር። ኋላ ግን ናይራ ስትቆስል የፔሮጊ ምግባቸውን ሳይነኩት ቀሩ። በተከራከርንበት ቀን ዘጠነኛውን ደግመን አየነው፤ ሲያልቅ «ይሄን ካየ በኋላ ይሁን። ያኔ አባትየውንም ትንሽ ያዝንለታል» አሉኝ። በስቴላ ሞት አስማሉኝ። እዚህ ላይ ነው የተስማማነው።

በቁጥሬ ከሆነ ጁላይ 23 እሁድ ነው የምታነበው። ሬዲዮውን አንሣና «የቤተሰብ ጉዳይ» ብቻ በል፤ ሰው ይተኩልሃል። ና።

ሎርና


ጁላይ 12፣ 2017
ከማማው

ይድረስ ለእህቴ ለሎርና፤

እንደ ጁላይ ፀሐይ የጋለ ሰላምታ ይድረስሽ፤ ካርቶኑ አሁን ደረሰ። አብራሪው ታች ቡና እየጠጣ ስለሆነ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። እንጆሪው ግሩም ነው፤ ግማሹን በልቻለሁ።

እሁድ ሰባተኛውን አየሁ። በቃኝ።

ካልደር በሰዓት በር ገብቶ እናቱን አዳናት! ሦስት ደቂቃ ፈጀበት፣ ሎርና። ገባ፣ መኪናውን አስቆመ፣ ወጣ። ሲመለስ እናቱ ወጥ ቤት ቆማ ቁርስ ትጠብሳለች፣ እሱም አጠገቧ ቆሞ ይስቃል። ሙዚቃው ደግሞ! ይሄን የጻፈው ሰው እናት ኖራው አታውቅም።

እስቲ በሕግ እንነጋገር። ባለፈው ዓመት «መዳብ እጅ» ላይ ናይራ ወንድሟን ልታድን ስትለምን «ያለፈ ነገር የተቸነከረ በር ነው» ተብላ አልነበር? ያው ከተማ፣ ያው ሰዎች፣ አንዱ ካንዱ ቤት ስኳር የሚበዳደሩ ጀግኖች! አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሕግ አለ እንዴ? ወይ ለሁሉም ይከፈት፣ ወይ ለሁሉም ይዘጋ። የሰዓት በር ከነበራቸው አምስት ዓመት ሙሉ የሞተውን ሁሉ ለምን አስቀበሩን? እኔ ለነዚያ ሰዎች አልቅሻለሁ። ዕንባዬን መልሱልኝ።

በዚያ ላይ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? የእኔ የጠፋብኝ ሦስት ደቂቃ አይደለም፤ ስድስት ሳምንት ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ እናቴ ስንት ጊዜ ስሜን ጠርታ ይሆን? በየትኛው በር ገብቼ ነው የማመጣት? አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አልከፈተልኝም።

ስለዚህ ዲስኮቹን ካርቶን ውስጥ መልሻቸዋለሁ። አዲሶቹን ፖስታዎችም ሳልከፍት በብስኩቱ ቆርቆሮ ከትቻቸዋለሁ፤ ያላየሁትን ክፍል አስተያየት አላነብም፣ ሕግ ሕግ ነው። አትቀየሚኝ። አሁን እሁድ ከሰዓት ካርታ እጫወታለሁ፣ ከራሴ ጋር፤ እሸነፋለሁም።

ስለ አባቴ «ደህና ናቸው» ማለትሽን አይቻለሁ። ካንቺ አፍ ከሆነ አምናለሁ። አንቺ እንደሱ አትደብቂኝም።

ዳሬል


ኦገስት 2፣ 2017
ቬግሬቪል

ይድረስ ለወንድሜ ለዳሬል፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጁላይ 21 ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ ይሄ አራተኛው ነው።

በሰባተኛው መናደድህ ትክክል ነው። እኔም ያኔ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውሬአለሁ። ናይራን የሚያደርጓትም ግፍ ነው፤ ብሬንት የተጣላው በዚሁ ነው። ነገር ግን ሰባተኛው ግማሽ ነገር ነው፣ ዳሬል። ቁርሱን ስታይ ጠረጴዛው ላይ ስንት ሳህን እንደነበር ቆጠርክ? አልቆጠርክም። እኔም አልቆጠርኩም። ሙዚቃው እንዲያ የጣፈጠው እንዳትቆጥር ነው።

ከዚህ በላይ ብናገር ሕጉን እሽራለሁ። ሁለት ክፍል ብቻ እይልኝ። ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን። እሁድን አትጠብቅ። ለእኔ ብለህ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለአንድም ነገር «ለእኔ ብለህ» ብዬህ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ዲስኮቹን ለድብ አብላቸው፣ አልቀየምም።

ስለ አጎቴ ባለፈው የጻፍኩትን አልደግመውም።

ከተማው በጭስ ተሸፍኗል። ሄሊኮፕተሩ ይዘገይ ይሆናል ይላሉ። እባክህ እንደደረሰህ፣ ዕለቱን።

እህትህ ሎርና


ኦገስት 18፣ 2017
ከማማው

ሎርና፤

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። «አልደግመውም» የሚለውን አንብቤ አለፍኩት። ጅል ነኝ። ዕለቱን ብለሽ ነበር፤ ማክሰኞ ምሥራቁ በኩል እሳት ተነስቶ ዓይኔን ከመነጽሩ አላነሳሁም። ረቡዕ ከሰዓት ስምንተኛውን አየሁ። ዘጠነኛውን አስከትዬ ማየት እችል ነበር፤ በአንድ ቀን ሁለት ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ከሰዓት ዘጠነኛውን አየሁ።

ዘጠነኛው ጥሩ ነው። በአምስት ዓመት ካየነው ሁሉ ይበልጣል። ይህን የምልሽ ጥርሴን ነክሼ ነው። አባትየው ወንበሩ ላይ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሲገኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከፍቼ ፖስታሽን አወጣሁ፤ ያንቺን አስተያየት ለማንበብ ቸኩዬ።

ጁላይ 4 ይላል። እስከ ትናንት ስድስት ሳምንት ነው፣ ሎርና። ቆጥሬዋለሁ።

እሱ ያደረገውን አንቺ አደረግሽው። እሱስ አባቴ ነው፣ ልማዱም ነው፤ አንቺ ምን ነካሽ? ነፍስ ያለበትን ወሬ ከካልደር ጋር አስረሽ፣ ቁጥር ሰጥተሽ ትልኪልኛለሽ? እንደምበሳጭ እያወቅሽ፣ ፊልም ያን ያህል ያለዝበዋል ብለሽ ነበር? እኔ እኮ ሕግ አክባሪ መሆኔን ታውቂያለሽ። ከማንም ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ለቢሮው «የቤተሰብ ጉዳይ» ብያለሁ። የሚተካኝ ሰው የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ከሥሬ ሠላሳ እሳት አጥፊዎች ጫካው ውስጥ አሉ፤ ነፋሱ ሲዞር የሚያይላቸው የእኔ ዓይን ብቻ ነው፤ ጥዬአቸው ልወርድ አልችልም። ቢሮው «ቤትህ ደውለን በሬዲዮ እንንገርህ?» አለኝ። አይሆንም አልኩ። አሥራ ሁለቱም ማማ ሲሰማ ያንን መስማት አልችልም። በዚህ እንኳ ከአባቴ ጋር ተስማምተናል።

የእሳት አጥፊዎቹ ሄሊኮፕተር አብራሪ ነዳጅ ሊቀዳ እዚህ ያርፋል፤ ይህን ወስዶ ለቢሮው ይሰጣል፣ እነሱ ያደርሱልሻል። መልሱን በዚያው መንገድ ላኪልኝ። ሰላምታሽን ተይው። በመጀመሪያው መስመር ጻፊልኝ፦ አለ ወይስ የለም?

ደግሞ ይህን መልሺልኝ። ረቡዕ፣ እኔ ስምንተኛውን ሳይ፣ እሱ ይናገር ነበር?

ዳሬል


ኦገስት 20፣ 2017
ቬግሬቪል

አባትህ ሐሙስ ረፋድ ላይ አረፉ።

ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ነው። እጃቸውን ይዤ ነበር። አልተሠቃዩም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ አልዋሽህም። ሌሊቱን ተሠቃይተዋል፣ ሲነጋ ግን ቀለላቸው። ቀብሩ ነገ ነበር። ቄሱን ለምኜ አንተ እስክትመጣ አቆይቼዋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ለቢሮው ደወልኩ። ሴትዮዋ «ሃሎ» ስትል ዘጋሁት። አርብም እንደዚያው። ደብዳቤህን የጫካ ቢሮው ልጅ እቤቴ ድረስ ሲያመጣልኝ ስልኩ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ምን ነካሽ አልከኝ። ሕጉ አይደለም ያሰረኝ። መሐላውም አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው ኦገስት መጀመሪያ ላይ «አሁን ጻፊለት፣ ይበቃል» ብለው ከመሐላው ፈትተውኛል። የዚያን ቀን ማታ ነው «ሁለት ክፍል ብቻ እይልኝ» የሚለውን የጻፍኩት። ቁርጡን ልጽፍ ተቀምጬ ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩት፤ «አንቺ እንደሱ አትደብቂኝም» ይላል። ያን ጊዜ አንድ ወር ደብቄህ ነበር። ፖስታውን በሥርዓቱ ከከፈትከው ጥፋቱ የሕጉ ይሆናል፣ በደብዳቤ ከነገርኩህ ግን የእኔ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እንደሳቸው ትጠላኛለህ ብዬ ፈራሁ። በፈራሁ ቁጥር ቀኑ ይጨምር ነበር። ለእሳቸውም ዘጠነኛውን ቶሎ እንዲያይ ጽፌለታለሁ አልኳቸው።

ማክሰኞ ሄሊኮፕተሩ አንተ ጋ አርፎ ነበር። በዚያ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ብጨምር ኖሮ ቢሮው እዚያው ሰው ይተካ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት ከተማ ትገባ ነበር። ይህን ባታውቀው እወድ ነበር፣ ግን ጠይቀኸኛል።

አዎ፣ ረቡዕ ይናገሩ ነበር። አእምሮአቸው ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ነበር። ከሰዓት ሦስት ማንኪያ ሾርባ ወስደው ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አሉ። መስኮቱ በጭስ ነጥቶ ነበር፤ «ይሄን ጊዜ ልጄ ሥራ በዝቶበታል» አሉ። ከዚያ «ዘጠነኛው ላይ ደረሰ?» አሉኝ።

ገና ነው አልኳቸው።

«ስንት ቀረው?»

ሁለት ክፍል ብቻ ቀርተውታል አልኳቸው።

ሎርና